ኬታሚንና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ሌሊት

ኬታሚን በኢትዮጵያ የገጠር ሆስፒታሎች የሚታወቀው በማደንዘዣነቱ ነው። አተነፋፈስን እምብዛም ስለማያዳክም፣ መብራት በሚቆራረጥበትና ኦክስጅን በሚያጥርበት ስፍራ ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። ትኩረት የተነፈገው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሌሊት ነው።

መድኃኒቱ ለማደንዘዣ ከሚውለው እጅግ ባነሰ መጠን ሲሰጥ ሕመምን ያስታግሳል፤ የሚያስፈልገውንም የሞርፊን መጠን ይቀንሳል። ሞርፊን ደግሞ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር በመሆኑ ለገጠሩ ታካሚ በቀላሉ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና ኬታሚንም ዓለም አቀፍ ቁጥጥር እንዲደረግበት ለተባበሩት መንግሥታት ሐሳብ አቅርባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች፣ በድሃ አገሮች ቀዶ ሕክምናን ያስተጓጉላል በሚል ሥጋት፣ አልደገፉትም፤ ሐሳቡም ሳይጸድቅ ቀረ።

የመድኃኒቱ መኖር ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ኬታሚን ቅዠት ሊያስከትል ስለሚችል የቅርብ ክትትል ይሻል። አንዲት ተረኛ ነርስ ብዙ አልጋ በምትጠብቅበት ክፍል፣ ብልቃጡ በመደርደሪያ ላይ እያለም ታካሚው እያቃሰተ ያነጋል።