አሮጌ ጋዜጣ የበርበሬ መጠቅለያ አይሁን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጋዜጣ የዕለት ወሬ ብቻ እየመሰላቸው፥ ካነበቡት በኋላ የሚጥሉት ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ጋዜጣ የድርሰት የመጀመሪያ ቤቱ ነው እላለሁ።

የአሜሪካ ጥቁሮች የመጀመሪያ ጋዜጣቸውን በኒው ዮርክ ያቋቋሙት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1827 ነው። መጽሐፍ የሚያሳትምላቸው ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ነበረ፥ የብዙዎቹ ግጥምና ልብ ወለድ በጋዜጣ ይወጣ ነበር። ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው ጋዜጣቸው ጆኤል ሮጀርስን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ጆርጅ ስካይለርም ከ1935 እስከ 1939 ባለው ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ የፈጠራቸውን ሁለት ልብ ወለዶች በብዕር ስም በዚያው ጋዜጣ በተከታታይ አወጣ። እነዚህ ታሪኮች በመጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት በ1994 ነው። ጋዜጣውን ያስቀመጠ ባይኖር ኖሮ ከየት ይገኙ ነበር?

በእኛም አገር ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጠላት ወረራ ድረስ የጊዜውን ምሁራን አሳብ ሲያትም ኖሯል። ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ በሚታተመው አዲስ ዘመንም ብርሃኑ ዘርይሁንና በዓሉ ግርማ በአዘጋጅነት ሠርተውበታል፤ ጳውሎስ ኞኞም «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ ብዙ አንባቢ አፍርቷል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የመሐል ሜዳ ተማሪ ከየት ያገኘዋል? ወደየመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ጋዜጣ የመስኮት መሸፈኛና የበርበሬ መጠቅለያ ሲሆን አያለሁ። የጎረቤታችን የመርሐ ቤቴ ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1920 ዓ.ም. በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት ዘርዝረው አሳትመዋል። እኛ ግን በእጃችን የገባውን እንኳ ማስቀመጥ አቅቶናል።

«ዛሬ ሁሉም በስልክ ይነበባል» የሚለኝ አይጠፋም። ነገር ግን አሮጌው ጽሑፍ በስልክ የሚገኘው መጀመሪያ ወረቀቱን ያስቀመጠ ሲኖር ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የዓመቱን ጋዜጣ በቍጥሩ ተራ ሰብስቦ ያስጠርዝ፤ ለወረዳው ቤተ መጻሕፍት ወይም ለትምህርት ቤት በፊርማ ያስረክብ። እኔ በመዝገብ ቤት የምሠራ እንደ መሆኔ ድካሙን ዐውቀዋለሁ፤ ፋይል ከማደራጀት አይበልጥም። አለቆቻችን ቢፈቅዱልን ሥራው የእኛ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከመሐል ሜዳ