አጥሩ የት ይቁም? የሲያትሉ ሐይቅ ዳር ክርክርና የኛ ጭብጨባ



ሰሞኑን ሲያትል የሚኖር የአክስቴ ልጅ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ሲነዳ አንዲት ትንሽ መናፈሻ ጋ ደርሶ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ዞሮ መመለሱን ይነግረኛል። መናፈሻዋ ዴኒ ብሌን ትባላለች። ሰዎች ልብሳቸውን፣ አዎ ሙሉ በሙሉ፣ አውልቀው የሚዋኙባትና ፀሐይ የሚሞቁባት ቦታ ናት። «ፍርድ ቤት ይዟቸዋል፣ ሊዘጋ ነው መሰለኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጨረሰ።

እኔም ወዲያው አልሐምዱሊላህ አልኩ። ነገሩን ቁጭ ብዬ ሳነብ ግን ጉዳዩ እንዳሰብኩት ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ራቁት መሆን ብቻውን ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ሰውየው ሌላውን እንደሚያስደነግጥና እንደሚያስከፋ እያወቀ፣ በብልግና ራሱን ሲያጋልጥ ነው። በዚህ ምክንያት ዴኒ ብሌን ለብዙ ዓመታት ማንም ሳይከልላት፣ ማንም በወረቀት ሳይፈቅድላት፣ እንዲሁ በልማድ የራቁት ዋናተኞች ቦታ ሆና ቆየች። ዙሪያዋን ያሉት ቤቶች ደግሞ የሀብታም ቤቶች ናቸው።

እንደ ፈረንጆቹ በ2023 መጨረሻ ላይ የከተማው የመናፈሻዎች መሥሪያ ቤት እዚያ የሕፃናት መጫወቻ እሠራለሁ አለ። ገንዘቡን የሚሰጠው ስሙ እንዲገለጽ ያልፈለገ ሰው ነው። ማሻአላህ፣ ለሕፃናት መጫወቻ የሚጠላ ማን አለ? ነገር ግን ቦታውን የሚጠቀሙት ሰዎች ነቁ። ሕፃናት ባሉበት ራቁት መሆን አይቻልም ተብሎ ቀስ ብለው ሊያስወጡን ነው አሉ። በስብሰባው ላይ በመቶዎች ሆነው መጡ፤ በቀናት ውስጥ ዕቅዱ ተሰረዘ። ለጋሹ በአካባቢው የሚኖር ባለሀብት እንደሆነና ስለ መናፈሻዋ ከከተማው ከንቲባ ጋር መልእክት ይለዋወጥ እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ራቁትነትን አልደግፍም፤ ዐውራን መሸፈን ግዴታችን ነው፣ በዚህ ድርድር የለም። ይህ ሰውዬ የሄደበት መንገድ ግን አልተመቸኝም። ጎረቤቶቼ ይረብሹኛል ካልክ ፊት ለፊት በል። ልጆችን ከፊት አሰልፈህ ከኋላቸው መደበቅ ምንድን ነው? የልጆች ስም የተሸከመ ሁሉ ለልጆች የታሰበ አይደለም።

ፊት ለፊት የተባለው በ2025 ነው። በሚያዝያ ወር ጎረቤቶች ከተማውን ከሰሱ። ክሳቸው ስለ ራቁትነት ብቻ አልነበረም። ሰዎች በአደባባይ የወሲብ ድርጊት ይፈጽማሉ፣ መንገድ ላይ ሳይቀር፤ ከተማው እያየ ዝም ይላል የሚል ነው። በሐምሌ ወር ዳኛው ቦታው ሕዝብን የሚያውክ ሆኗል ብለው ከተማው መፍትሔ እንዲያቀርብ አዘዙ። ከተማው ያመጣው መፍትሔ አጥር ነው። መናፈሻዋን ለሁለት ከፈላት፦ በዚህ በኩል ልብስ ግዴታ ነው፣ በዚያ በኩል እንደ ፍላጎታችሁ። ምልክት ተሰቀለ፣ ጥበቃም ተመደበ። ክርክሩ ግን አላቆመም። ጎረቤቶቹ አጥሩ ያነሰባቸው ናቸው። ዋናተኞቹ ደግሞ ለዓመታት ማንንም ሳንነካ የኖርንበትን ቦታ እንደ በረት ከፋፈላችሁት ባዮች ናቸው።

ለኔ አጥሩ ትክክል ነው። የምለውም ከራሳችን ዲን ተነሥቼ ነው። የጎረቤት ሐቅ ከባድ ነው። ከቤቱ የሚወጣ ሰው፣ ልጁን ይዞ የሚያልፍ አባት፣ ማየት የማይፈልገውን ሳያስበው እንዳያይ ድንበሩን አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው። የአክስቴ ልጅ ምልክቱን ከሩቅ ቢያየው ኖሮ ያ ሁሉ ድንጋጤ ባልደረሰበት። በአደባባይ የሚፈጸመውን ዝሙት ፖሊስ ማስቆም አለበት፤ ይሄ ልብስ የለበሰውም ያልለበሰውም እኩል የሚጠየቅበት ጥፋት ነው። ከተማው እዚህ ላይ ሥራውን አልሠራም፣ ጎረቤቶቹም ያማረሩት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው። ጥፋቱን በጥፋተኛው ላይ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ የቆመበትን ቦታ በሙሉ መዝጋት ግን ሌላ።

አንድ ወንድሜ ይህን ስነግረው ተቆጣ። «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እኮ ራቁት ጠዋፍን ከልክለዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ካዕባን ራቁታቸውን ይዞሩ ነበር፤ በሂጅራ 9ኛው ዓመት ሐጅ ላይ ከዚህ በኋላ ማንም ራቁቱን እንዳይዞር ታወጀ። ግን የት ነው የታወጀው? በአላህ ቤት፣ በኛ የዒባዳ ቦታ። ሲያትል ያለው ሐይቅ የጋራ ነው፤ የኛም፣ የጎረቤቱም፣ የዋናተኛውም። በጋራ ቦታ ላይ «እኔ ያልወደድኩት ይዘጋ» የሚለው ሕግ ከወጣ፣ በሚቀጥለው ቀን በማን ላይ እንደሚውል አስቡ።

ማሰብም አያስፈልግም፣ ታይቷል። በ2016 ክረምት ፈረንሳይ ውስጥ የካን ከተማ ከንቲባ ቡርኪኒን ከባሕር ዳርቻው ከለከሉ፤ ሌሎች ከተሞች ተከተሉ። ኒስ ላይ የታጠቁ ፖሊሶች ከበዋት ባሕር ዳር ላይ ልብሷን ስታወልቅ የታየችው ሴት ፎቶ ዓለምን ዞረ። ያው ፈረንሳይ እኮ ናት! ካፕ ዳግድ የሚባል፣ ሰው ራቁቱን የሚዋኝበት ብቻ ሳይሆን ራቁቱን ገበያ የሚወጣበት ሰፊ መንደር ያላት አገር። የለበሰችው ተባረረች፤ ያልለበሰው ድንበሩ ተከብሮለት ተቀምጧል። በዚያው ዓመት ነሐሴ 26 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የአንዱን ከተማ ክልከላ አገደ። ምክንያቱን ልብ በሉ፦ ከንቲባ የሰውን ነፃነት መገደብ የሚችለው በሕዝብ ሰላም ላይ የተረጋገጠ አደጋ ሲኖር ነው፤ ስሜት ስለተነካ ብቻ አይደለም ነው ያለው። እህቶቻችን ያን ቀን የተጠለሉበት ጥላ የሲያትል ዋናተኞችም ዛሬ የሚጠለሉበት ዓይነት ነው።

ጥላው ሁልጊዜ አይዘረጋም ደግሞ። በ2022 የግረኖብል ከተማ ምክር ቤት በዋና ገንዳዎቹ ቡርኪኒንም፣ ሴቶች ከወገብ በላይ ሳይለብሱ መዋኘትንም በአንድ ድምፅ አሰጣጥ ፈቀደ። ጉዳዩ ያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ የታገደው የቡርኪኒው ነው። እና ለማን ነው የምናጨበጭበው?

ሩቅም አንሂድ። በ2017 ዓ.ም አክሱም ላይ ተማሪ እህቶቻችን በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ሲከለከሉ የጮህነው ምን ብለን ነበር? አለባበሷ ማንንም አልጎዳም፣ ቦታዋን አትንጠቋት ብለን ነው። ያ ክርክር ለኛ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ክርክር አይደለም፣ ልመና ነው።

ስለ ሐያእ ደግሞ አንድ ነገር። ሱረቱ አን-ኑር ዓይንን ስለ መስበር ሲናገር መጀመሪያ የሚያዝዘው ወንዶችን ነው፤ የሴቶቹ ትእዛዝ ቀጥሎ ይመጣል። ይህን የምለው ስለ ሲያትል ክርክር የተጻፈ ነገር ሥር የኛ ልጆች የቦታውን ፎቶ እየተቀባበሉ «አስተግፊሩላህ» ሲጽፉ ስላየሁ ነው። ፎቶውን ማን ፈልጎ አመጣው ታዲያ?

ለአክስቴ ልጅ መልሼ ደወልኩለት። ያልኩትን ሁሉ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ግን ልጆቼን የት ልውሰዳቸው?» አለኝ። ሚስቱ ከልጆቹ ጋር ተሸፍና የምትዋኝበት፣ ወንድ የማይገባበት የገንዳ ሰዓት ፈልጋ እንደምትደክም ያን ጊዜ ነገረኝ። እሱን ለከተማው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ ወይ አልኩት። አልጠየቁም። ከሌሎች ሦስት አራት ቤተሰቦች ጋር ተፈራርመው ደብዳቤ ሊያስገቡ ተነጋግረናል፤ ረቂቁን እኔ እያየሁት ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።