ቤቱ ለሽያጭ የወጣበት ቀን ይጻፍ

በዚህ ሰሌዳ ላይ ከዕድር ጥሪና ከጠፋ ከብት ማስታወቂያ ቀጥሎ የሚበዛው «የሚሸጥ ቤት አለ» የሚለው ወረቀት ነው። የዕድሩ ጥሪ ቀን አለው፤ የጠፋችው ላም እንኳ የጠፋችበት ቀን ይጻፍላታል። የቤቱ ወረቀት ግን ስልክ ቁጥር እንጂ ቀን የለውም። ትናንት ይለጠፍ ዓምና፣ አንባቢው የሚያውቅበት መንገድ የለም። እኛ ግን ቤት ለመግዛት የተነሳ ሰው ክፍሉን ከመቁጠሩና ቆርቆሮውን ከማየቱ በፊት «ለመሆኑ ይህ ቤት ለሽያጭ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት እንላለን።

«ምን ያደርጋል? ቤት እንደ ቲማቲም አይበላሽ!» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አይበላሽም። ነገር ግን በአሥራ አምስት ቀን የሚሸጥ ቤትና ሁለት ክረምት ያለፈው ቤት አንድ አይደሉም። የቆየው ቤት ወይ ዋጋው ተሰቅሏል፣ ወይ ወራሾቹ አልተስማሙም፣ ወይ ከባልና ሚስቱ አንዳቸው አልፈርምም ብለዋል፤ ወይም ደግሞ ምንም ነገር የለበትም፣ ወቅቱ ብቻ ነው የከፋበት። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ መጀመሪያ መቆየቱ መታወቅ አለበት።

በተለይ በእኛ በአብደራፊ ወሩን ማወቅ ከቁጥሩ ይበልጣል። እንደሚታወቀው ከተማችን የምትተነፍሰው በሰሊጥ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ለእርሻው፣ ለዘሩና ለአራሙ የሚከፈል ገንዘብ ስለሚፈለግ ሻጭ ይበዛል፣ ገዥ ይጠፋል። አጨዳው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ተካሂዶ ምርቱ ሲሸጥ ደግሞ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በሰው እጅ ብር ይገባል፤ ያኔ ቤት ጠያቂው ብዙ ነው። ስለዚህ ግንቦት ላይ ወጥቶ እስከ ነሐሴ ያልተሸጠ ቤት ሦስት ወር ቆየ ተብሎ ሊታማ አይገባውም። ኅዳር ላይ ወጥቶ እስከ የካቲት ያልተሸጠ ቤት ግን ያው ሦስት ወር ቢሆንም ጥያቄ ያስነሳል።

ዓመቶቹም እኩል አይደሉም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የፈነዳው፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የደረሰው ግጭት መንገድ እየዘጋ ከጎንደር የሚመጣውን ገዥ አስቀርቷል። በዚያ ጊዜ ሳይሸጥ የከረመ ቤት የቤቱ ጥፋት አይደለም።

ይህን እንድንጽፍ ያነሳሳን በሠፈራችን የሆነ ነገር ነው። አንዲት እናታችን ልጃቸውን ጎንደር ወስደው ለማሳከም ሁለት ክፍል ቤታቸውን ሊሸጡ ሚያዝያ ላይ አወጡ። መጀመሪያ የመጣው ሰው ቤቱን ወዶት ነበር፤ በሳምንቱ ቀረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ኋላ ሲጣራ ለካስ «ይህ ቤት እኮ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ማንም አልገዛውም፣ ነገር አለበት» የሚል ወሬ በየቡናው ይዞራል። ወሬው ከየት መጣ? ከጎረቤት ጋር በሚጋሩት የቆርቆሮ አጥር ላይ በቀይ ቀለም «ይሸጣል» የሚል ጽሑፍ አለ። እሱ የጎረቤቱ ቤት የተሸጠ ጊዜ የተጻፈ ነው፤ ገዥው ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ጽሑፉን ያጠፋው ግን የለም። እናታችን ሦስት ወር ያልሞላውን ቤታቸውን የሁለት ዓመት ዕቃ አስብለው ሐምሌ ላይ ካሰቡት እጅግ ባነሰ ዋጋ ሰጡት። ቀን የተጻፈበት አንዲት ወረቀት ብትኖር ኖሮ ያን ወሬ አፉን ታስይዘው ነበር። እኛስ? ጽሑፉን በየቀኑ እያየን ያለፍን እኛም ከተጠያቂነቱ አናመልጥም።

በገዥ በኩልም የተጎዳ አለ። ደላላው «ትናንት የወጣ ነው፣ ገና አልተነካም፣ ነገ አታገኘውም» ብሎ ያጣደፈው አንድ ወንድማችን በአራት ቀን ውስጥ ቀብድ ከፈለ። ቤቱን ግን ከእሱ በፊት ሌሎች ሰዎች አይተውት፣ ሚስትየዋ አልፈርምም እንዳለች ሰምተው ትተውት ነበር። የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ደላሎችን በሙሉ መውቀሳችን አይደለም፤ እውነቱን የሚነግሩም አሉ። ነገር ግን አንዱ ቤት ከአንዱ ደላላ ወደ ሌላው ሲዞር በዞረ ቁጥር አዲስ ይሆናል።

ይህ ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካን አገር ደላሎች የሚሸጡ ቤቶችን በጋራ መዝገብ ያስገባሉ፤ መዝገቡም ቤቱ ገበያ ላይ የዋለበትን ቀን ይቆጥራል። ታዲያ ቤቱ ሲቆይ ከመዝገቡ አውጥተው እንደ አዲስ የሚያስገቡት፣ ቆጠራው ከአንድ እንዲጀምር የሚያደርጉ አሉ። በዚህም የተነሳ ብዙዎቹ መዝገቦች የቀኑን ጠቅላላ ድምር ለብቻው ይይዛሉ። በአገራችንም ቢሆን አሠራሩ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ሲሸጥ የሚያወጣውን የሐራጅ ማስታወቂያ ተመልከቱ፤ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበታል፤ በመጀመሪያው ገዥ ካልተገኘም በቀጣዩ ላይ «ለሁለተኛ ጊዜ» ተብሎ ይወጣል። ያነበበ ሁሉ ቤቱ አንድ ጊዜ ወጥቶ እንደነበር ያውቃል። ለባለዕዳው የተደረገው ለተራው ሻጭ የማይደረግበት ምክንያት አይታየንም።

እስከዚያው ድረስ ገዥ ምን ያድርግ? ተከራይ ካለ ተከራዩን ያነጋግር። ቤቱን ለማየት ስንት ሰው እንደመጣና ልቀቅ የተባለው መቼ እንደሆነ ከተከራይ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ የሚደብቅበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ የለውም። ሁለት ደላሎችን ለየብቻቸው ጠይቆ መልሳቸውን ያስተያይ። ጎረቤት ዘንድ ቡና ይጠጣ። ሻጩ ቤቱ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ ነው የሚል ደብዳቤ ካሳየው ደግሞ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ያንብብ፤ ደብዳቤው የዓምና ከሆነ ቤቱ ዓምናም ሊሸጥ ታስቦ ነበር ማለት ነው፣ ነፃነቱም የዓምና ነው። አዲስ ይጠይቅ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የማይሸጥ ስለሆነ ሰው የሚገዛው በላዩ ያለውን ቤት ነው፤ ስለዚህ የይዞታው ወረቀት ከግድግዳው ያላነሰ መታየት አለበት። ውሉም ቢሆን በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት መደረግ ይኖርበታል። ሁለት ምስክር ይዞ ጠጅ ቤት መፈራረም አይበቃም።

ሐሳባችንን ለአንዳንድ ነዋሪዎች ስናማክር የተሰነዘሩብን ተቃውሞዎች አሉ። አንዱ የገመና ጉዳይ ነው፤ ሰው ቤቱን የሚሸጠው ቸግሮት ነው፣ ችግሩን በቀን ቆጥራችሁ ልታሰጡት ነወይ የሚል። ይህን በቀላሉ የምናልፈው አይደለም። ግን ወረቀቱን የለጠፈው ሰው መሸጡን ራሱ ተናግሯል፤ እኛ የምንለው የተናገረበት ቀን ይጨመር ነው። ላለመለጠፍ የፈለገን ማንም አያስገድደውም።

ሁለተኛው የከበደን ነው። «ቤት የሚሸጥ ሰው ነገ ብር የሚይዝ ሰው ነው» አሉን አንድ ሽማግሌ። «መቼ እንደሚይዝ ለአጋች ልትነግሩት ነው?» በየመንገዱ ሰው እየታገተ ገንዘብ በሚጠየቅበት ጊዜ ይህ ቧልት አይደለም። በበኩላችን አንድ ሌሊት ሙሉ ተከራከርንበት፤ በመጨረሻ ሽማግሌው ትክክል ናቸው፣ ሐሳባችን መታረም አለበት ብለናል። ስለሆነም ቤቱ ለሽያጭ የወጣበት ቀን ብቻ ይጻፍ፤ የሻጩ ስም፣ ዋጋውና የተሸጠበት ቀን በፍጹም አይጻፍ። ሲሸጥ ወረቀቱ ዝም ተብሎ ይነሳል። ተሽጦም ይሁን ሐሳብ ተቀይሮ ለውጭ ተመልካች አይታወቅም። ገዥ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ቀን ነውና ምንም አይጎድልበትም።

ሦስተኛው «ሻጩ ቢዋሽስ? ወረቀቱን ቀዶ በአዲስ ቀን ቢለጥፍስ?» የሚለው ነው። ይዋሻል እንጂ! እኛ ግን አብረን ቡና የምንጠጣ ሰዎች ነን። ሚያዝያ ላይ ያየነውን ወረቀት ጥቅምት ላይ አዲስ ነው ቢሉን የምንስቅ ይመስለናል።

ስለዚህ ከመጪው ወር መጀመሪያ አንሥቶ ቀን ያልተጻፈበት የቤት ሽያጭ ወረቀት በዚህ ሰሌዳ ላይ ባይለጠፍ የሚል ሐሳብ ለነዋሪው ስብሰባ እናቀርባለን። በአጥርና በግድግዳ ላይ «ይሸጣል» ብሎ የጻፈም ሽያጩ ሲያልቅ በቀለም ይደምስሰው፤ ገዥውም ቁልፍ ሲረከብ ይህን ይጠይቅ። አንድ ጣሳ ቀለም ማኅበሩ ቢገዛ የሚከብደው አይመስለንም።

በሰሌዳው ላይ አሁን ካሉት ቀን አልባ ወረቀቶች የሁለቱን ባለቤቶች አግኝተን ቀን ጽፈውበታል፤ እናመሰግናቸዋለን። ሦስተኛውን ዝናብ አጥቦት ከስልኩ ቁጥር የሚነበበው ግማሹ ብቻ ነው። ቤቱ የት እንደሆነና ማን እንደለጠፈው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን።