የመኪና ራዲዮ ሲያፏጭ ጥፋቱ የማን ነው?

ከሱቅ የወጣ ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ የሚደርሰው ጉዳት በዕቃው ዋጋ ብቻ የሚለካ እንዳልሆነ፣ በንግድ ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃው ከማሸጊያው ስለ ወጣ እንደ አዲስ ሊሸጥ አይችልም፤ ገዢው ቅር ተሰኝቷል፤ ቅሬታውንም ለጎረቤቱና ለወዳጁ ይነግራል። ይህ ጉዳት ጐልቶ ከሚታይባቸው ዕቃዎች አንዱ በተለምዶ የመኪና ቴፕ የሚባለው የራዲዮና የድምፅ መሣሪያ ነው። ገዢው መሣሪያውን አስገጥሞ ሞተሩን ሲያስነሣ ከዘፈኑ ጋራ ፉጨት ይሰማዋል፤ በማግሥቱም «የሸጣችሁልኝ ብልሹ ነው» እያለ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ባለ ሱቁ ስሙን ለመጠበቅ ሲል ሌላ አውጥቶ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ያፏጫል።

እንዲህ ያለው ፉጨት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከመኪናው የኤሌክትሪክ መሥመር፣ ይልቁንም ከአገጣጠሙ ነው። ስለዚህ ሳይመረምሩ መሣሪያውን መለወጥ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደ መምታት ይቈጠራል። የሚለወጠው መሣሪያም ሆነ ያለ ጥፋቱ የሚጣለው ዲናሞ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃ በመሆኑ፣ ኪሳራው በአንድ ሱቅ ደጃፍ የሚቀር አይደለም። ነጋዴው አስቀድሞ የጩኸቱን ምክንያት ቢያስመረምር፣ ዕቃውንም ከአገጣጠሙ ጋራ አንድ አድርጎ ቢያስብ፣ ገንዘቡንም ስሙንም ያድናል።

ጩኸቱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ፖል ጋልቪንና ወንድሙ ጆሴፍ ያቋቋሙት ኩባንያ «ሞቶሮላ» ብሎ የሰየመውን የመኪና ራዲዮ ለገበያ ሲያዘጋጅ፣ ሠራተኞቹን ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ከሞተሩ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚመጣው ጩኸት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 የራዲዮን መታወክ የሚመለከት ዓለም አቀፍ ልዩ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በመኪና ውስጥ ያሉ መቀበያዎች ከጩኸት የሚጠበቁበትን ቁጥር 25 የተባለውን የመለኪያ ደንብ ያወጣውም ይኸው ኮሚቴ ነው። በመኪና ውስጥ ጩኸት መሰማቱ ብቻውን የዕቃውን ርካሽነት ወይም የሻጩን ማታለል አያስረዳም ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ አስቀድሞ ድምፁን ለይቶ መስማት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ምክንያት የራሱ ድምፅ አለውና። የሞተሩ ዙር ሲጨምር እየቀጠነ የሚሄድ፣ ዙሩ ሲቀንስም አብሮ የሚወርድ ፉጨት ከዲናሞው የሚነሣ ነው። ዲናሞው የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በውስጡ ባሉት ዳዮዶች አማካይነት ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲፈስ ይደረጋል፤ ነገር ግን ፍሰቱ ፈጽሞ ስለማይስተካከል ጥቂት ሞገድ ይቀርበታል። ከሞተሩ ጋራ እየፈጠነ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ግን ከካንዴላውና ከገመዱ ይመጣል። በዚያ መሥመር ከ10,000 ቮልት የሚበልጥ ኀይል በብልጭታ ስለሚያልፍ፣ እያንዳንዱ ብልጭታ እንደ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ሞገዱን በዙሪያው ይረጫል። የዝናብ መጥረጊያው ወይም ፍሬቻው ሲሠራ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ከእነዚሁ ዕቃዎች የሚወጣ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ የኤፍ ኤም ጣቢያውን የሚሸፍን የመንሿሿት ድምፅ ከተሰማ፣ በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ የተሰካው የስልክ ቻርጀር ወይም በኋላ የተገጠመው የኤል ኢ ዲ መብራት መጠርጠር ይገባዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ሰውን የሚያሳስተው የነጌቲቩ ገመድ አስተሳሰር ነው። ራዲዮው ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ተቀምጦ የሁለቱ ነጌቲቭ በተለያየ ቦታ ከመኪናው ብረት ጋራ ሲታሰር፣ በመካከል ባለው ብረት የመብራቱም፣ የማራገቢያውም፣ የዲናሞውም ኤሌክትሪክ ያልፋል። በዚህ የተነሣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ጥቂት የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ልዩነቱም ድምፅ በሚያስተላልፈው ቀጭን ገመድ በኩል መንገድ አግኝቶ ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባና ከዘፈኑ ጋራ ጐልቶ ይወጣል። ገጣጣሚው ቀለሙን ሳይፍቅ ወይም ዝገት ባለበት ብረት ላይ ካሰረው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዲናሞው፣ ራዲዮውና አምፕሊፋየሩ ሁሉም ደኅና ሆነው ሳለ፣ ችግሩ ሁሉ ከአንዲት ብሎን ሊመጣ ይችላል።

ምርመራው ብዙ ጊዜና ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ራዲዮው ከመኪናው ወጥቶ በሱቁ ውስጥ በተዘጋጀ ባለ 12 ቮልት ባትሪና በአንድ ድምፅ ማጉያ ይሞከር፤ ገዢውም ቆሞ ይስማ። በዚህ ጊዜ ድምፁ ጥሩ ከሆነ ጥፋቱ በመኪናው ውስጥ መፈለግ እንዳለበት ገዢው በገዛ ጆሮው ይረዳል። ቀጥሎ መሣሪያው ወደ መኪናው ተመልሶ ሞተሩ ይነሣና፣ በመጀመሪያ ቻርጀሩ፣ ከዚያ የአንቴናው ገመድ፣ ከዚያም ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው የድምፅ ገመድ በየተራ ይነቀል፤ በአንዱ መነቀል ጩኸቱ ከቆመ የገባበት በር ታወቀ። የድምፁ ገመድ ተነቅሎም ጩኸቱ ካልቆመ፣ የአምፕሊፋየሩ የኀይልና የነጌቲቭ ገመድ ይታይ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው በቮልት መለኪያ ይለካ፤ ደኅና ዲናሞ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይሰጣል። መለኪያው ወደ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲዞር የሚታየው ቁጥር ከ0.1 ቮልት እምብዛም ሊበልጥ አይገባም፤ ግማሽ ቮልት ከደረሰ ከዳዮዶቹ አንዱ ሳይበላሽ አልቀረም። በመጨረሻም የነጌቲቩ ገመድ አጠር ብሎ፣ ብረቱም እስኪያበራ ተፍቆ በጥብቅ ይታሰር፤ የድምፁ ገመድና የኀይሉ ገመድ ደግሞ በመኪናው ግራና ቀኝ ተለያይተው ይዘርጉ።

«የሱቅ ሥራ መሸጥ ነው፤ መግጠም የጋራዥ ሥራ ነው» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። አባባላቸው በሥራ ክፍፍል ረገድ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ገዢው ገንዘቡን የከፈለው ጥሩ ድምፅ ለመስማት ስለሆነ፣ ያን ሳያገኝ ሲቀር የሚያንኳኳው የከፈለበትን በር ነው። ገጣጣሚውን ማን እንደሆነ እንኳ ላያስታውሰው ይችላል፤ የሱቁን ስም ግን በደረሰኙ ላይ ያነበዋል።

ሌሎች ደግሞ ማጣሪያ የሚባለውን ትንሽ ዕቃ ጨምረው በመሸጥ ገዢውን ይሸኛሉ። ማጣሪያ በቦታው ሲገባ የሚጠቅም ዕቃ ነው፤ ከደኅና ዲናሞ የሚቀረውን ጥቂት ሞገድ ያረግባል። ነገር ግን ዳዮዱ በተበላሸ ዲናሞ ላይ ወይም በላላ የነጌቲቭ ገመድ ላይ ሲገጠም ድምፁን አፍኖ ብልሽቱን ያቆየዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መኪናው ባትሪው አልቆበት በመንገድ ሲቆም፣ ባለቤቱ ምልክቱን አስቀድሞ የሸፈነበት ማን እንደሆነ ይጠይቃል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለመኪናም ይሠራል።

ፍርዱ ለሻጩ ብቻ እንዳያደላ መባል ያለበት አንድ ነገር አለ። መሣሪያው በሱቁ ባትሪ ላይ ሲሞከርም የሚያፏጭ ከሆነ ጥፋቱ የዕቃው ነው። ያን ጊዜ ባለ ሱቁ ሳይከራከር ሊለውጠው ወይም ገንዘቡን ሊመልስ ይገባዋል። ምርመራ ሁለቱንም ወገን የሚያስገድደው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ሻጩ ሲረታ ብቻ የሚታመን ምርመራ ከማሳበቢያ አይለይም።

የአስመጪውም ድርሻ ከባለ ሱቁ አያንስም። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌሎች ከተሞች የመለዋወጫ ሱቆች የሚሸጠው ገመድና መለዋወጫ የሚወሰነው አስመጪው የትእዛዝ ደብዳቤውን በጻፈበት ቀን ነው። ከኀይል ገመዶች መካከል ላዩ በመዳብ የተለበጠ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ አለ። የአሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታ የመዳብ 61 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ይህ ገመድ በእኩል ውፍረት የመዳቡን ሥራ ሊሠራ አይችልም። በስሙና በዋጋው ቢሸጥ ነውር የለበትም፤ በመዳብ ስም ሲሸጥ ግን ገዢውን ማታለል ነው። ጫፉ በቢላ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ፣ ናሙናውን አስቀድሞ መመርመር ለማንም አይከብድም። በካንዴላም እንዲሁ ነው፤ ጩኸትን ለመቀነስ 5,000 ኦም ያህል ተከላካይ በውስጡ ያለው ካንዴላ አለ፤ ብዙ አምራቾችም ይህን በመለያው ቁጥር ውስጥ በሚያስገቡት ፊደል ያሳውቃሉ። መለያውን ሙሉ ለሙሉ ሳያነቡ በመጠንና በጥርስ ብቻ አመሳስሎ ማዘዝ፣ ጩኸቱን በካርቶን ጭኖ ወደ አገር ማስገባት ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ አጣዳፊ የሚያደርገው የገበያው መለወጥ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ደንበኛ ይዞ መጥቷል። በዚህ መኪና ውስጥ ካንዴላም ዲናሞም የለም፤ ጩኸት ግን አለ። ትልቁን ሞተር የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ እየቈረጠና እየቀጠለ ስለሚሠራ፣ በተለይ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎችን ያውካል። በዚሁ ምክንያት አንዳንድ አምራቾች የመካከለኛ ሞገድ መቀበያውን ከኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው አስቀርተዋል። ሻጩ ይህን ለገዢው አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል፤ ከሽያጭ በፊት የተነገረ ጉድለት እንደ ምክር ሲቈጠር፣ ከሽያጭ በኋላ የተገኘው እንደ ማታለል ይቈጠራልና። በተጨማሪም በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የሚገኘው ብርቱካንማ ገመድ ሕይወት የሚያጠፋ ኀይል ስላለው፣ ልምድ የሌለው ገጣጣሚ ወደ እርሱ መቅረብ የለበትም።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የድምፅ መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ መሞከሪያ ባትሪ፣ ድምፅ ማጉያና የቮልት መለኪያ በጠረጴዛው ላይ ያኑር፤ መሣሪያውን በሽያጩ ዕለትም ገዢው ባለበት ይሞክረው። ሁለተኛ፣ ለተመለሰ ዕቃ መዝገብ ይከፈትና የተመለሰበት ምክንያት ተመርምሮ ይጻፍበት፤ አስመጪው የሚቀጥለውን ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት መዝገቡን ካየ፣ ጥፋቱ ከመሣሪያው፣ ከገመዱ ወይም ከአገጣጠሙ መሆኑን በግምት ሳይሆን በጽሑፍ ያገኘዋል። ሦስተኛ፣ የንግድ ምክር ቤቶች ከሙያ ትምህርት ቤቶች ጋራ ተባብረው ለባለ ሱቆችና ለገጣጣሚዎች አጭር የሥልጠና ጊዜ ቢያዘጋጁ፣ ሱቅና ጋራዥ ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ከመጣል ይድናሉ።

ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ወጪ ያለ ጥፋቱ የተለወጠ የአንድ መሣሪያን ዋጋ ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል። ባትሪውን በጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ ባለ ሱቅ፣ የሚቀጥለው ቅሬታ አቅራቢ በሩን ሲገፋ፣ ሌላ ካርቶን ለመክፈት አይቸኩልም፤ ገዢውን አስቀምጦ አብሮት ያዳምጣል።