ስለ ደርሶ መልስ ጉብኝት

ከከተማ ወጥቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የጽዋ ማኅበራትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች በየበዓሉ አውቶቡስ ተከራይተው ፤ ስንቃቸውን ቋጥረው ፤ ሌሊት ተነሥተው ወደ ደብረ ሊባኖስም ወደ አዳዲ ማርያምም ሲጓዙ ኖረዋል ፤ ዛሬም ይጓዛሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በበኩላቸው ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው ታሪካዊ ሥፍራ ማሳየትን ለምደዋል። አሳቡ የሚመሰገን ነው ፤ ስለ አፈጻጸሙ ግን የምንናገረው አለን።

ከነዚህ ጉዞዎች በአንዱ እኛም ተካፋይ ነበርን። የመሥሪያ ቤቱንና የሥፍራውን ስም መጥራት አያስፈልግም። ከአምሳ የማናንስ ሰዎች ከደብሩ አለቃ ጋራ ሳንላላክ በድንገት ደረስን። ቄሰ ገበዙ ለቀብር ወደ ሌላ አጥቢያ ሄዶ ኖሮ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አልተገኘም። እኩሌቶቹ በቅጽሩ ውስጥ ፎቶግራፍ ሲነሡ እኩሌቶቹ ምሳ ወደ ተሰናዳበት ሆቴል ቸኰሉ። ዕለቱ ዓርብ መሆኑንም ያስታወሰ አልነበረም። ሲመሽ ጐበኘን ብለን ተመለስን ፤ ወጪውም በመዝገብ ላይ ለታሪክ ትምህርት የዋለ ተብሎ ተጻፈ።

ለመሆኑ በአንድ ቀን ምን ሊታይ ይቻላል ቢሉ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ ብቻ መመልከት ይበቃል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ በአዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። በዚያ የጥንት ሰዎች ጠርበው የሠሩበት የድንጋይ መሣሪያ በአፈር ንብርብር ውስጥ ተቀብሮ ተገኝቷል ፤ ከ700,000 ዓመት በፊት ሕፃናት በጭቃ ላይ የረገጡት ዱካም ሳይጠፋ ቆይቶ ታይቷል። ይህ ሥፍራ ባልጩት ድንጋይ ይወጣበት ከነበረው ከባልጪት ጋራ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች ፤ ትውፊቱም ከንጉሥ ላሊበላ ጋራ ያገናኛታል። መንገዱን ቀጥለው ወደ ጢያ ቢወርዱ 36 ትክል ድንጋዮች ይታያሉ ፤ ከነዚሁም 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል ፤ የምልክቶቹ የብዙዎቹ ፍቺ እስካሁን አልታወቀም።

ወደ ምዕራብም 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ አዲስ ዓለም ነው። ይህን ሥፍራ በተለይ ሹማምንት ቢያዩት እንወዳለን። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማገዶ እያነሰ ቢያስቸግር ዋናውን ከተማ ወደዚያ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ግን ባሕር ዛፍ እየበዛ ችግሩን አቃለለው ፤ ከተማውም ሳይዛወር ቀረ ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንጻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለ ከተማ ፕላን በየስብሰባው የሚነጋገር ሹም የአንድ መናገሻ ዕድል በማገዶ ምክንያት እንደ ተወሰነ በዚያ ግንብ ሥር ቆሞ ቢሰማ ነገሩ ከልቡ አይጠፋም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ካህናቱ ለእንግዳ ዕቃ ቤት መክፈትን አይወዱም ፤ የማይወዱትም በከንቱ አይደለም። ስንት የብራና መጽሐፍና ስንት መስቀል ተሰርቆ ከአገር እንደ ወጣ ሁላችንም እናውቃለን ፤ ሌባም አስቀድሞ እንደ ጐብኚ ሆኖ መምጣቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ማንም ያላየው ዕቃ ቢጠፋ የሚፈልገው ማን ነው? ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብ አዝዞ ነበር። መዝገብ ግን በሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አርባ ሰዎች በጥቅምት ያዩት መስቀል በጥር ቢታጣ ወሬው ሳይውል ሳያድር ይሰማል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሁሉን መዝጋትም ሁሉን መክፈትም አይበጅም። ደብሩ ሊታዩ የሚገባቸውን ጥቂት ዕቃዎች ለይቶ ፤ ቄሰ ገበዙና አንድ ሌላ ካህን በተገኙበት ፤ ማንም በእጁ ሳይነካ ያሳይ። የቀረው በቦታው ይቆይ።

ከጐብኚውም የሚፈለግ አለ። ቅዳሴ ሳይፈጸም በር አስከፍቱ ማለት ነውር ነው። ጫማን ማውለቅ ለማንም አይነገር ይሆናል ፤ በአለት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስምን መጫር ግን እንደ አንድ ጥፋት የማይቈጥሩት ሰዎች አሉና ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። አምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ጠባብ ዋሻ መግባቱም ለሕንጻው አይበጅም ፤ በሁለት በሦስት ተከፍሎ ቢገባ የሚያስረዳውም ሰው ድምፁ ይሰማለታል። ለዚህ አስረጂ የአገሩን ታሪክ የሚያውቅ የአጥቢያው ሰው ተፈልጎ ለድካሙ የሚገባው ይከፈለው ፤ ከምሳው ሒሳብ ጥቂት ቢቀነስ ይበቃል።

ስለ አላላኩ ከጽዋ ማኅበራት መማር ይቻላል። እነርሱ ቀኑንና የሰዉን ብዛት አስቀድመው ለአለቃው ያስታውቃሉ ፤ በዚህም ምክንያት ደርሰው በር ተዘግቶባቸው የሚመለሱት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ለጥቅምት ጉዞ ያሰበ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን በመስከረም ቢጽፍ ፤ ደብዳቤው የደረሰው አለቃም ቁልፉ በዚያ ቀን በማን እጅ እንደሚሆን ጽፎ ቢመልስለት መልካም ነው።