የተሰበረ መንፈስን ለመጠገን የምግብ ድርሻ

ጦርነት በፊርማ ይቆማል፤ በሰው መንፈስ ውስጥ የገባው ፍርሃት ግን ፊርማ ሰምቶ አይወጣም። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት፥ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት እንዲቆም ተደርጓል። ከዚያም ወዲህ በሌሎች የአገራችን ክፍሎች የተነሡ ግጭቶች ብዙ ሰው ከቀዬው አፈናቅለዋል። ከእነዚህ ወገኖች መካከል ቤቱ የተቃጠለበት፥ ዘመዱ በዓይኑ ፊት የተገደለበት፥ ክብሯ የተደፈረባት ይገኛሉ። ሌሊት በቅዠት የሚባንን፥ ቀን በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ሰው ቁስሉ በፋሻ አይታሰርም። እንዲህ ላለው ሰው የሐኪም ምክርና መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ዛሬ ብዙዎች ተረድተውታል። የሚበላው ምግብና አበላሉ ግን ራሱ የሕክምናው ክፍል መሆኑ ገና በሚገባ አልታሰበበትም። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ነገሩ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም። በለቅሶ ቤት ጎረቤት እህል አዘጋጅቶ ይመጣል። ኀዘንተኛው አልበላም ሲል «አፈር ስሆን፥ እህል ቅመስ» ተብሎ ይለመናል፤ እምቢ ቢል ጉርሻ ይቀርብለታል። ብቻውን እንዳይቀመጥም ሰው አብሮት ይበላል። ይህ ልማድ ከይሉኝታ ያለፈ ጥበብ እንዳለበት የዘመኑ ሳይንስ እያስረዳን ነው።

የሰው አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት በዕረፍት ሳለ ከሚያወጣው ኃይል 20 ከመቶ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህ ሆድ ሲጎድል አንጎልም ይጎድልበታል። በሌላ በኩል ደግሞ የፈራ ሰው አካል አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ያመነጫል። እነዚህ ሰውን ለመሸሽ ወይም ለመታገል ያዘጋጃሉ፤ ልብን ያፈጥናሉ፥ የሆድን ሥራ ያውካሉ፥ እንቅልፍን ያባርራሉ። አደጋው ካለፈ በኋላም ፍርሃቱ ሲሰነብት፥ አንዱ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ ሌላው ያለ ልክ ይበላል። እንግዲህ ፍርሃት አመጋገብን ያበላሻል፥ የተበላሸው አመጋገብም በተራው ፍርሃቱን ያባብሳል ማለት ነው።

ረኀብ ብቻውን በመንፈስ ላይ ምን እንደሚሠራ በግልጽ ያሳየው በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 1944 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አንሰል ኪይስ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ይዘው ጥናቱን ጀመሩ። ወጣቶቹ ስለ ሕሊናቸው ጦር መሣሪያ አንይዝም ያሉና ለጥናቱ በፈቃዳቸው የቀረቡ ነበሩ። ለ24 ሳምንታት በቀን 1,570 ካሎሪ ያህል ብቻ እየተሰጣቸው፥ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። በዚህ ጊዜ ጥይት ያልተተኮሰባቸው፥ ቤት ያልፈረሰባቸው ሰዎች ተከዙ፤ በትንሽ ነገር ይቈጡ ጀመር፤ ከሰው ተለዩ፤ ሐሳባቸው ሁሉ በምግብ ተያዘ። ከእነርሱም መካከል የምግብ አሠራር መጻሕፍት የሚሰበስቡ ነበሩ። ምግብ ሲጨመርላቸውም መንፈሳቸው ወዲያው አልተመለሰም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበልጥ ተነጫነጩ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፥ በመጠለያ ያለ ሰው ቁጡ ወይም ዝምተኛ ሆኖ ቢገኝ፥ ጠባዩን ከመውቀስ አስቀድሞ ምን ያህል ጊዜ እንደተራበ መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው፥ አንድ ወር ስላበላነው «ዳነ» ብለን መዝገቡን መዝጋት አይገባንም።

ምግብ በችኮላ ሲሰጥም እንደሚጎዳ መታወቅ አለበት። የእንግሊዝ ጦር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 15 ቀን 1945 ዓ.ም. በጀርመን አገር የበርገን ቤልሰንን እስር ሰፈር ነፃ ሲያወጣ፥ በውስጡ 60,000 ያህል ሰዎች አገኘ። ከነፃነቱ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ከ13,000 የሚበልጡት ሞቱ። አብዛኞቹን የገደላቸው በሽታና አስቀድሞ የደረሰባቸው ረኀብ ሲሆን፥ ወታደሮቹ በርኅራኄ የሰጧቸው ስብ የበዛበት የቆርቆሮ ምግብ ያፋጠነባቸውም ነበሩ። ለብዙ ቀን የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ሲበላ፥ በደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም ወደ ሕዋሳት ስለሚገቡ በደም ውስጥ ይቀንሳሉ፤ ይህም ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል። ስለዚህ በጽኑ የተጎዳ ሰው በሐኪም ተመርቶ በጥቂት በጥቂቱ ይመገባል።

ጠኔው ካለፈ በኋላስ የምግቡ ዓይነት ለውጥ ያመጣልን? በአውስትራሊያ ፕሮፌሰር ፌሊስ ጃካና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ ከባድ ትካዜ የያዛቸውን 67 ሰዎች በሁለት ከፈሉ። አንደኛው ክፍል ለ12 ሳምንታት አትክልት፥ ፍራፍሬ፥ ጥራጥሬና ዓሣ እንዲያዘወትር ባለሙያ እየመከረው ቆየ። ሁለተኛው የሚያጫውተው ሰው ብቻ ተመደበለት። በመጨረሻ ከፊተኛው ክፍል 32 ከመቶ፥ ከኋለኛው 8 ከመቶ ያህል ከትካዜው ተላቀቁ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተደረገውም በጦርነት በቆሰሉ ሰዎች ላይ አይደለም። ቢሆንም ምግብ መንፈስን ለመርዳት ኃይል እንዳለው ያመለክታል።

ለዚህ የሚሆነው ምግብ ከውጭ አገር የሚመጣ አይደለም። እንጀራ ከሽሮ ወይም ከምስር ወጥ ጋር ሲበላ፥ የእህሉና የጥራጥሬው ገንቢ ምግብ እርስ በርሱ ይደጋገፋል። ጎመን፥ ተልባ፥ አብሽ፥ ሲገኝም እንቁላልና ወተት ገበታውን ያሟላሉ። ጨው አዮዲን ያለበት ቢሆን ይመረጣል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሰው ጭንቀቱን ለማስታገሥ በሚሸሽባቸው ነገሮች ነው። አልኮል ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊቱን እንቅልፍ ይቆራርጣል፤ ጫት ረኀብንም እንቅልፍንም ያጠፋል። ቡና አብሮ መጠጣት ሰውን ከሰው የሚያገናኝ መልካም ልማድ ነው፤ በቅዠት ለሚሠቃይ ሰው ግን የማታው ቀርቶ የጧቱ ቢበቃው ይሻላል። ጾም የሚያጠብቅ ሕመምተኛም የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖቱን መምህር ቢያማክር፥ ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ማቅለያ እንዳለው ይረዳል።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣቶች መካከል ነገ በአንድ ወረዳ የእርዳታ እህል እንዲያከፋፍል የሚታዘዝ አይጠፋም። በእጁ የሚሰጠው መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ይበቃል የሚል ይሆናል፤ ስንዴው፥ ጥራጥሬውና ዘይቱም በኪሎና በሊትር ይሰፈራል። ቁጥሩ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ስለ መንፈስ የሚናገረው ነገር የለም። በ2015 ዓ.ም. እርዳታው አላግባብ እየተወሰደ ነው ተብሎ ለወራት በተቋረጠ ጊዜ፥ ተረጂው ያጣው እህሉን ብቻ አልነበረም፤ ነገ እበላለሁ የሚለውን እምነቱንም ነው። ፍርሃት ያናወጠውን ሰው የሚያረጋጋው የሚታወቅ ነገር ነውና፥ እህሉ በተባለው ቀን ቢደርስ ይህ ራሱ መድኃኒት ነው። ሴቶች ሳይፈሩ የሚሰለፉበት ቦታ ቢዘጋጅ፥ ቤተሰብም የራሱን ወጥ በራሱ ምድጃ እንዲሠራ ማገዶና ድስት ቢያገኝ፥ ሁሉ ነገሩን የተቀማ ሰው ቢያንስ የምሳው ጌታ ይሆናል።

ይህን ስንል ምግብ የሐኪምን ቦታ ይተካል ማለታችን አይደለም። ቅዠቱና ድንጋጤው ሳይለቀው ወራት ያለፈው ሰው፥ ይልቁንም ራሱን ለመግደል የሚያስብ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ሆኖም ከሐኪሙ ሲመለስ ባዶ ማድጋ የሚጠብቀው ከሆነ ምክሩ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። የአገር መልሶ ግንባታ ሲታቀድ መንገዱና ድልድዩ በቅድሚያ ይቆጠራሉ። ከዚሁ ጋር ከገበታው ርቆ የሰነበተው ወገናችን በሰዓቱ፥ ከሰው ጋር፥ ያለ ፍርሃት መብላት መጀመሩ በዕቅዱ ውስጥ ሊቆጠር ይገባዋል።