ሸራ ለለበሰው መኪና ተጠያቂው ማን ነው?



በየሰፈራችን ሸራ ለብሶ የቆመ መኪና አይጠፋም። አንዱን የመለዋወጫ ዋጋ አቁሞታል። ሌላውን ባለቤቱ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ "እስክመለስ ጠብቅልኝ" ብሎ ለወንድሙ አደራ ሰጥቶታል። ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበን ግን አባት ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ ውርሱ ሳይከፈል፣ ስሙም ሳይዛወር እንደቆመ የቀረው ነው። ቦሎው አልፎበታል፣ የሦስተኛ ወገን መድኑም አልታደሰም። "ቆሞ ለሚውል ብረት ለምን እንከፍላለን?" ይባላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በማይነዳ መኪና ላይ በየዓመቱ ገንዘብ ማፍሰስ ለማንም አይዋጥም። ችግሩ መኪናው ቆሟል የምንለው በአፍ ብቻ መሆኑ ነው። ዒድ ሲመጣ ባትሪ ተውሰን እናስነሳዋለን። ለአክስት ልጅ ሰርግ አጀብ ይወጣል። ታናሽ ወንድም መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲያስብ በሰፈሩ ኮረኮንች ይለማመድበታል፣ ዳር ቆመን "ፍሬን! ፍሬን!" የምንለውም እኛው ነን። ያ መኪና በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሰው ልጅ ቢገጭ ማን ይከፍላል?

በዚህ ጉዳይ የብሪታንያ አሠራር ትምህርት ይሆነናል ብለን እናምናለን። እዚያ አገር መኪናህን ከመንገድ ስታወጣ ለመንግሥት ማስታወቅ አለብህ። ይህ ማስታወቂያ በአጭሩ "ሶርን" ይባላል፣ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በጥር 1998 ነው። ለማስታወቅ አንድ ሳንቲም አይከፈልም። እንዲያውም የከፈልከው የተሽከርካሪ ግብር ካለ ያልተጠቀምክባቸው ሙሉ ወራት ሒሳብ ተመላሽ ይሆንልሃል። ድሮ በየዓመቱ ማደስ ያስፈልግ ነበር፤ ከ2013 መጨረሻ ወዲህ ግን አንዴ ካስታወቅህ መኪናው እንደገና ግብር እስኪከፈልበት፣ እስኪሸጥ ወይም እስኪወገድ ድረስ ይጸናል።

ታዲያ ነፃ ነው ማለት ልል ነው ማለት አይደለም። ያስታወቅህበት መኪና በግቢህ ወይም በጋራዥህ ይቆማል እንጂ የሕዝብ መንገድ ዳር አይቆምም። አስቀድመህ ወደያዝከው የምርመራ ቀጠሮ ካልሆነ በቀር ልትነዳውም አትችልም፤ ስትነዳው ከተገኘህ ፍርድ ቤት እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣህ ይችላል። መኪናውን ከሸጥከው ደግሞ ማስታወቂያው ለገዢው አይተላለፍም፣ ገዢው በራሱ ስም ማስታወቅ አለበት።

ቁም ነገሩ ያለው እ.ኤ.አ. በ2011 በመጣው ለውጥ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጥፋት የነበረው መድን የሌለውን መኪና መንገድ ላይ መጠቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ መኪና በስምህ ተመዝግቦ ከተገኘ ወይ መድን ይኖረዋል ወይ ከመንገድ መውጣቱ ይታወቃል። ሁለቱም ከሌሉ፣ ማንም ሲነዳው ባይታይ እንኳ፣ የ100 ፓውንድ ቅጣት ቤትህ ድረስ በደብዳቤ ይመጣል። የተመዘገቡ መኪኖች መዝገብና የመድን መዝገብ ስለሚመሳከሩ ትራፊክ ፖሊስ እስኪይዝህ አይጠበቅም። "ለጊዜው አቁሜዋለሁ" የሚባል መካከለኛ ቦታ ተዘጋ ማለት ነው።

ይህ ማጥበቅ ለአንዳንዶቻችሁ የቢሮክራሲ ጣጣ ሊመስል ይችላል። እስቲ በፖርቱጋል የደረሰውን ተመልከቱ። አንዲት ሴት በጤና ምክንያት መንዳት ትታ መኪናዋን ግቢዋ ውስጥ አቆመች። መኪናው ይሠራል፣ ከመዝገብም አልተሰረዘም፣ መድን ግን የለውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 ልጇ ሳታውቅ መኪናውን ይዞ ወጣ። መንገድ ስቶ እሱም፣ አብረውት የነበሩት ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ለተሳፋሪዎቹ ቤተሰቦች የአገሪቱ የመድን ፈንድ ከ437,000 ዩሮ በላይ ከፈለ፤ ከዚያም ገንዘቡን ለማስመለስ ልጇን የቀበረችውን እናት ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 ፍርድ ተሰጠ። መኪናው እስከተመዘገበና መሄድ እስከቻለ ድረስ፣ ባለቤቷ ልትነዳው ባታስብም፣ በግል ግቢ ቢቆምም መድን ሊኖረው ይገባ ነበር ተባለ። ያቺ እናት ያጎደለችው መኪናውን በሕጋዊ መንገድ ከአገልግሎት ማስወጣቱን ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚከለክለው መድን የሌለውን መኪና መንገድ ላይ መንዳትን ወይም ማስነዳትን ነው። ስለዚህ "ግቢ ውስጥ ነው" የሚለው መልስ ሸራው እስኪገለጥ ድረስ ያስኬዳል። ከተገለጠ በኋላ ግን ብዙዎቻችን ልብ ያላልነው ሌላ ሕግ ይጠብቀናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፣ የነዳው ሰው ፈቃድ ያልሰጠው ቢሆን እንኳ። ከዚህ የሚወጣው በዚያ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። የገዛ ወንድሙ ቁልፉን ከመሳቢያ አንሥቶ ቢነዳ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ "ሰርቆኝ ነው" የሚል ከእኛ መካከል ስንቱ ነው?

ባለቤቱ በሕይወት ከሌሉ ነገሩ ይብሳል። ያልተከፈለ ውርስ የወራሾች ሁሉ ነው። መሪ ጨብጣ የማታውቅ እህት፣ ገና ያልደረሰ የቲም ወንድም በዚያ መኪና ውስጥ ድርሻ አላቸው። ታላቁ ልጅ ለሰርግ ይዞት ወጥቶ ሰው ቢጎዳ ጣጣው የሚመጣው ወደ ጋራው ንብረት ነው። የተጎዳው ሰውም ሐቅ አለው፤ ሆስፒታል የተኛ ሰው የቤተሰባችን ውርስ እስኪከፈል ይጠብቅ አይባልም።

እግረ መንገዳችንን፣ "ኢንሹራንሱን ያላሳደስነው በዲናችን ስለምንጠራጠር ነው" የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጥንቃቄያቸውን እናከብራለን። ነገር ግን በአገራችን የተካፉል አገልግሎት የሚሰጡ መስኮቶች ተከፍተዋል፣ የሚያውቁ ዓሊሞችንም መጠየቅ ይቻላል። በንግድ መድን ተጠራጥሮ መኪናውን ያለ ምንም መድን ለሰርግ አጀብ የሚያወጣ ሰው ጥንቃቄው ግማሽ ላይ ቆሟል።

የመንገድና ትራንስፖርት ቢሮዎቻችን በነፃ የሚሞላ "መኪናዬን አቁሜያለሁ" የሚል ቀላል ቅጽ ቢያዘጋጁና ከመድን መዝገብ ጋር ቢያያይዙት እንወዳለን። ባለመኪናው ለማይጠቀምበት ነገር አይከፍልም፣ እግረኛውም ዋስትና ከሌለው መኪና ይጠበቃል። መንገድ ዳር በድንጋይ ተደግፈው የቆሙትም፣ ልጆች ከሥራቸው ድብብቆሽ የሚጫወቱባቸው፣ ወደ ግቢ እንዲገቡ ምክንያት ይሆናል።

ቅጹ እስኪመጣ ግን ቤተሰብ የራሱን ውሳኔ መወሰን ይችላል። አንድ ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ወራሾች ተቀመጡና መኪናው ይነዳል ወይስ ይቆማል በሉ። የሚነዳ ከሆነ ከነዳጁ በፊት ምርመራውና መድኑ ይቅደም፣ ወጪው በየድርሻችሁ ይሁን። የሚቆም ከሆነ ባትሪው ይፈታ፣ ቁልፉ ሁላችሁም በምታምኑት አንድ ሰው እጅ ይግባ፣ ስምምነቱም በወረቀት ይጻፍና ሁላችሁም ፈርሙበት። እናንተ ዘንድ አደራ የተቀመጠ መኪና ካለም ባለቤቱ ጋ ደውላችሁ ይኸንኑ ጠይቁት። ለሰርጉ መድን ያለው መኪና መከራየት ይቻላል።